እግዚአብሔር እንዳይሳሳት

ይህች ልጅ ምግብ ቀርቦላት ዓይኗን መጨፈን የተወችው ከመቼ ጀምሮ ነው?

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ሰሃን ሲያጥቡም፣ መጋረጃ ሲገልጡም፣ አውቶቡስ ሲጠብቁም ያመነዥኩታል። ልጅቷ ትንሽ እያለች ጸሎት ላይ አንዱን ዓይኗን ጨፍና በሌላው ሥጋው የት እንዳለ ትሰልል ነበር። ያኔ ይቆጧት ነበር፤ አሁን ያቺ ዓይን ናፈቀቻቸው። አሁን ትቀመጣለች፣ ማንኪያውን ታነሣለች፣ ነዳጅ እንደሚቀዳለት መኪና ዝም ብላ ትሞላለች፣ ትነሣለች። በቃ።

መጀመሪያ ጥድፊያ ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። የነርስ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ቀልድ አይደለም፤ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ሆስፒታል። ነጭ ዩኒፎርሟን የሚተኩሱላት እሳቸው ናቸው፤ ኪሱ ውስጥ ጓንት፣ የደረቀ ዳቦ፣ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ ያገኛሉ። ከዚያ የረቡዕ የመዝሙር ልምምድ ቀረ። "ፈተና አለብኝ፣ እማማ።" በሚቀጥለውም ረቡዕ ፈተና። ከዚያ ደግሞ ገላዋን ስትታጠብ የምታንጎራጉረው ነገር ቀረ። አያትየዋ በሩ ሥር ቆመው ጆሯቸውን ደቅነው ሰምተዋል። ውሃ። ውሃ ብቻ።

አያትየዋ ለመጨነቅ ሰበብ የሚፈልጉ ሰው አይደሉም፤ ሰበቡ ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል። ልጅቷ አሥር ደቂቃ ከዘገየች እሳቸው በሐሳባቸው ቀብሯን ጨርሰው ተመልሰዋል። ምን ያድርጉ? አንድ ልጃቸው፣ የልጅቷ እናት፣ ይህችን ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቷ እጃቸው ላይ ጥላ ከሞተች ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን አገኙት።

ኮሌጁ ተማሪዎቹ በየቀኑ ከሆስፒታል ሲወጡ ያዩትንና የተሰማቸውን እንዲጽፉ ያዛል። ልጅቷ ከፊት በኩል ለመምህሯ የሙቀትና የደም ግፊት ነገር ትጽፋለች፤ ደብተሩን ገልብጣ ከኋላ በኩል ደግሞ ለማንም የማታሳየውን ትጽፋለች። አያትየዋ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር፣ ማንበብ ይወዳሉ። ደብተሩ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ተኝቶ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ሰኞ። ዘጠነኛ አልጋ ላይ የተኛው ሰው አናጺ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ፋሻውን ስቀይርለት ፊቴን እያዞርኩ ነበር፤ ግን አወቀኝ። 'አንቺ ከመዘምራኑ ረጅሟ አይደለሽም?' አለኝ። 'መርፌዎቼን የጣልኩ ቀን ስታለቅሺ አይቼሻለሁ።' እውነቱን ነው። አልቅሻለሁ፣ በደስታ። ሰባኪው 'ስኳርህ ዛሬ አለቀ' ሲለው፣ እሱ መርፌዎቹን ከነማስቀመጫቸው መድረኩ ላይ ሲወረውር፣ እኛ ከኋላ ሃሌ ሉያ እንል ነበር። ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን በፈተና ጽፌ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አግኝቻለሁ። እያወቅሁ ዘመርኩ።"

"ረቡዕ። ልምምድ አልሄድኩም። አፌን ልክፈት ስል መርፌዎቹ ወለሉ ላይ ሲንኳኩ ይሰማኛል። እምነቴ ጠፋ ማለት አልችልም፤ የጠፋ ነገርማ ይፈለጋል። የእኔ እዚያው አለ፣ ተሰብሮ ጠሞ እንደተጠገነ አጥንት በነካሁት ቁጥር ያመኛል። ዛሬ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቆሜ 'ካለህ ተናገር' አልኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ 'እኔን ነው?' አለችኝ።"

"ዓርብ። እናቴ የሞተች ቀን እማማ 'እግዚአብሔር ወደዳትና ወሰዳት' አለችኝ። እኔስ አልወደድኳትም ነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፌዋለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ፣ እየዘመርኩ።"

አያትየዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ መሐል ዓይናቸው ውስጥ የቀረችው አንዲት መስመር ናት፦ ካለህ ተናገር። አናጺውን አላዩትም። እግሩንም አላዩትም። ሰው ቤቱ ሲቃጠል የጎረቤት ጭስ አይታየውም፤ እሳቸውም ያዩት የልጃቸው ልጅ ደረጃ ላይ ቆማ ሰማይን ስትሳደብ ብቻ ነው።

ምን ይሻላል? ቢናገሯት ደብተሯን ማንበባቸው ይታወቃል። ዝም ቢሉ ልጅቷ ከእጃቸው ልትወጣ ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን አደረጉ።

በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አጠገብ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሳጥን አለ። የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው በወረቀት ይጽፍና ይከታል። ስም አይጻፍም፤ "አንዲት እህት" ወይም "አንድ ወንድም" ነው የሚባለው። አዲሱ ሰባኪ ከመጣ ወዲህ ወረቀቶቹን እሑድ እሑድ ራሱ በማይክ ያነብባቸዋል፣ ሕዝቡም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል። አያትየዋ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት "አንዲት እህት ጉልበቷን አሟታል" ብለው ጽፈው፣ በሳምንቱ የዳነው የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ጉልበት ነበር። የእሳቸው እስካሁን ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል። በከተማው ውስጥ ስንት "አንዲት እህት" አለች! እግዚአብሔር እንዳይሳሳት፣ ዘንድሮ በደንብ አድርገው ጻፉ፦

"አንዲት እህት አለች። የነርስ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ናት። ከመዘምራን ሁለተኛው መስመር፣ ከግራ ሦስተኛዋ፣ ረጅሟ። ደረጃ ላይ ቆማ እግዚአብሔርን ካለህ ተናገር ትለዋለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አኩርፋዋለች። ከጥርስ ሐኪሙ ጀርባ ባለው ቤት ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ጌታ ሆይ፣ መልስልኝ።"

ስም አልጻፉም። ምስጢር ምስጢር ነው።

እሑድ ልጅቷን ከቤት ለማውጣት ያልተማለ መሐላ የለም። "አፈር ስሆን! ዛሬን ብቻ! አንድ ሐሙስ የቀረኝ ሴት ነኝ፣ ሁለተኛ አልለምንሽም።"

"ያቺ ሐሙስሽ አምስት ዓመት ሆናት፣ እማማ" አለች ልጅቷ። ግን የመዘምራን ካባዋን አንሥታ ተከተለቻቸው።

ሰባኪው ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። የሥራ ነገር፣ የጋብቻ ነገር፣ የጀርባ ሕመም። ከዚያ የሚያውቁትን በአራት የታጠፈ ወረቀት ሲፈታ አዩ። "አንዲት እህት አለች" ሲል አያትየዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ከግራ ሦስተኛዋ" ሲል ከፈቷቸው። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ መዘምራኑ ሁለተኛ መስመር አዙሯል።

ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ጎሰም አደረገቻቸው። "ውይ! ይቺ የእርስዎዋ አይደለችም እንዴ?"

ሰባኪው እስከ ጥርስ ሐኪሙ ድረስ አንብቦ ጨረሰና "እህታችን ወደ ፊት ትምጣ፣ አናፍርባትም!" አለ። ልጅቷ ከመስመሯ ወጣች። ወደ ፊት ግን አልሄደችም። በመሐል መተላለፊያው እስከ መውጫው ድረስ ተራመደች፣ ካባዋን አውልቃ በአራት አጠፈችው፣ የጸሎት ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች።

አያትየዋ በዚያ ጉልበታቸው ቤት እንዴት እንደ ደረሱ አያውቁትም። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ቦርሳ ከፍታ ልብስ እየከተተች ነበር። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር።

"ደብተሬን አነበቡት?"

አነበብሽው አላለችም፣ አነበቡት። ከተወለደች ጀምሮ "አንቺ" ስትላቸው የኖረች ልጅ ናት። አያትየዋ በጥፊ የተመቱ ያህል ጉንጫቸውን ያዙ።

"ከውሃ ላድነው ብዬ ነው ያነሣሁት።"

"ከምን ውሃ?"

"ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ነበር።"

"ብርጭቆው ባዶ ነበር!"

"እኔ እንዴት ላውቅ? ሚጡዬ፣ ስምሽን እኮ አልጻፍኩም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ስምሽን አልጻፍኩም!"

"ስሜን ብቻ ነው ያልጻፉት! የቆምኩበት መስመር፣ ቁመቴ፣ ቤታችን፣ የእናቴ ሞት! የበሩን ቀለም ለምን ተዉት?"

"ቀለሙንማ አልጻፍኩም" አሉ አያትየዋ ቅር ብሏቸው። ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸውና ከንፈራቸውን ነከሱ።

ልጅቷ ሹራብ ቦርሳው ውስጥ ወረወረች። "የክፍሌ ልጅ ዶርም ውስጥ ትርፍ አልጋ አላት። ዛሬ ከሰዓት ተረኛ ነኝ፤ ከዚያው በዚያው እሄዳለሁ።"

"በሞቴ! ለአንድ ወረቀት ብለሽ?"

"ለወረቀቱ አይደለም!" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። "ያንን ሁሉ አንብበው ያዩት እኔን ብቻ ስለሆነ ነው! ሰው እግሩ ተቆርጦ ተኝቷል ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ሮጠው የጻፉት 'ልጅቷ ጸሎት ተወች' ብለው ነው!"

"የማን እግር?"

ልጅቷ ደብተሩን ገልብጣ የሰኞውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው፣ መምህር ለማይሰማ ተማሪ እንደሚያነብ፣ ቃል በቃል። አያትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"የእኛ አናጺ? የጸሎት ሳጥኑን የሠራው?"

"የተቀመጡበትን አልጋም የጠገነው።"

አያትየዋ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ አልጋው ያቃጠላቸው ይመስል። ያ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ፣ ምስማር በጥርሱ ይዞ፣ "ከእንግዲህ እርስዎ ይሰበራሉ እንጂ ይህ አልጋ አይሰበርም" ብሏቸው አብረው ስቀው ነበር። መርፌዎቹን በጣለ ቀንም እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አሜን ብለዋል። እጃቸው እስኪቀላ አጨብጭበዋል። ከዚያ ሰውየው ከቤተ ክርስቲያን ሲጠፋ "ከተፈወሰ በኋላ ረሳን" እያሉ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲያሙት ከረሙ።

ወጥ ቤት ገቡና ድስት ጣዱ። ካሮት ከተፉ፣ ድንች ላጡ፤ ቢላው ከመክተፊያው ጋር ሲጋጭ ቤቱ ይሰማ ነበር። ሾርባው ሲበስል ትልቁን ፔርሙስ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። "ለሱ አድርሺለት" አሉ ወደ ክፍሏ ሳያዩ። መልስ አልመጣም።

የመጣው የበር ኳኳታ ነው። ሰባኪው ነበር፣ ልብስ ሰፊዋን መንገድ መሪ አድርጎ። አድራሻውስ ለማን ጠፍቶ! እሷ ግን አንዲት ቃል እንዳታመልጣት አብራ መጥታለች።

"ሰላም ለዚህ ቤት" አለና ወንበር ሳበ። "እናቴ፣ አይጨነቁ። የመጣሁት ልወቅሳት አይደለም። ጥርጣሬ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ ኮሌጅ ብዙ ልጆቻችንን..."

"ዘጠነኛ አልጋ ሄደህ ታውቃለህ?" አለች ልጅቷ። ክፍሏ በር ላይ ቆማለች፤ ዩኒፎርሟን ለብሳለች።

ሰባኪው ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ። "ሰምቻለሁ። እየጸለይኩለት ነው።"

"ከየት ሆነህ?"

"ማለት?"

"ከየት ሆነህ ነው የምትጸልይለት? ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እሱ በእግሩ እንደማይመጣልህ ታውቃለህ።"

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"እህቴ፣ እኔ መርፌህን ጣል አላልኩትም" አለ ሰባኪው። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው፣ ግን ጣቶቹ የመጽሐፍ ቅዱሱን ጫፍ ይፈትጋሉ። "ተፈውሰሃል ነው ያልኩት።"

"የተፈወሰ ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል?" አሉ አያትየዋ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ማንኪያ እንደያዙ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመዋል።

"እናቴ፣ ፈውስን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ጠብቆ መያዝ ሌላ ነገር ነው። እኔም ስሰማ ልቤ ተሰብሯል። ግን ምናልባት በወንድማችን በኩል የእምነት ጉድለት..."

"የምን ጉድለት?"

"የእምነት..."

"ያ ሰው እምነት ጎደለው?" እስከዛሬ "እርስዎ" እና "አገልጋይ" ሳይሉ አነጋግረውት አያውቁም፤ አሁን ሁለቱም ከአፋቸው ጠፉ። "አንተ፣ አምኖህ አይደለም ወይ የጣለው? ሕዝብ ፊት፣ መድረክህ ላይ፣ አምኖህ! ትንሽ ቢጠራጠርህ፣ እንደዚህች እንደ እኔ ልጅ ደረጃ ላይ ቆሞ አንዴ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ዛሬ ሁለት እግር ነበረው! ጎደለው የምትለውን ሰው ጎንበስ ብለህ እየው፤ የጎደለው ምኑ እንደሆነ ይታይሃል!"

"እናቴ፣ ይረጋጉ፣ ይህ የጠላት..."

"እናትህ አይደለሁም። ወረቀቴን መልስልኝ።"

"የትኛውን?"

"ዛሬ ያነበብከውን። የእኔ ጽሑፍ ነው፣ አምጣ።"

ሰባኪው ከመጽሐፍ ቅዱሱ መሐል በአራት የታጠፈውን ወረቀት አወጣ። "የተጸለየበት ነው" አለ፣ ቅያሜ በተቀላቀለበት ድምፅ።

"አልተጸለየበትም። ተነበበ እንጂ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ተከተለችው፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ወደ ኋላ ዞር ብላ በሹክሹክታ "ልክ ልኩን ነገሩት! እኔ ግን አልነበርኩም" ብላ ሹልክ አለች።

አያትየዋ ማንኪያውን አስቀምጠው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ልጅቷ ተራምዳ መጣች። ወንበር ሳበችላቸው፣ እጃቸውን ያዘች፣ ሁለት ጣቶቿን የደም ሥራቸው ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረች።

"ተቀመጪ፣ እማማ" አለች። "ልብሽ እንደ ጉድ እየመታ ነው።"

ተቀመጪ አለች። አያትየዋ ቃሏን እንደ ስጦታ ተቀበሏት። እንባቸው መጣ። አለቀ፣ ተመለሰች፣ ቀረችልኝ አሉ በሆዳቸው። ቦርሳዋ ክፍሏ በር ላይ እንደቆመ ነው፤ ያዩት እንዳይመስሉ ፊታቸውን አዞሩ። ተነሥተው ሁለት ጎድጓዳ ሰሃን አወጡ፣ ከድስቱ ሾርባ ቀዱ፣ ዳቦ ቆረሱ። ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ ሃያ ደቂቃ አላት። ተቀመጠች። ፈገግታ የመሰለ ነገርም ፊቷ ላይ አልፏል።

"'ጎንበስ ብለህ እየው' አልሽው፣ እማማ!"

"ምን ላድርግ፣ አንጀቴ ቅጥል አለ።"

"ደግ አደረግሽ።"

ማንኪያዋን አነሣች። እንፋሎቱ በመሐላቸው ይወጣል። ይህን ጊዜ ዝም ማለት ነበር። አያትየዋ ራሳቸው ያውቁታል፤ ምላሳቸው ላይ የመጣውን ነገር በዳቦ ሊያፍኑት ሞክረዋል። ግን ዓይናቸው ሄዶ ዓይኗ ላይ ተተከለ። ይጨፈን ይሆን? አንዷ እንኳ? ልጅቷ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ስትነክረው ዓይኖቿ ግልጥ ብለው ሰሃኑን ያያሉ፣ ደክመው፣ ቀልተው።

"አሁንስ፣ ሚጡዬ?" አሉ ቀስ ብለው። "ለጌታ ብለሽ አይደለም። ለእኔ ስትይ። አንዴ ብቻ ጨፈን አታደርጊያቸውም?"

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አያትየዋ ያንን አስተያየት ያውቁታል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች "እግዚአብሔር ወደዳትና ወሰዳት" ያሏት ቀን ልክ እንዲህ ነበር ያየቻቸው። ያኔ ገብቷት ነው ብለው ነበር።

"ተይው፣ ተይው፣ ብዪ፣ ይበርድብሻል" አሉ እየተጣደፉ። "ምንም አላልኩም። እኔ ምን አልኩ? አፌን ይዝጋው! ብዪ እንጂ!"

ማንኪያውን ሳትቀምሰው ሰሃኑ ጎን አስቀመጠችው። ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ወረቀት አንሥታ ደብተሯ ውስጥ ከተተች፣ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ። ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ፔርሙሱንም ክዳኑ በደንብ መጥበቁን አይታ በእጇ ያዘች።

"ሚጡ" አሉ አያትየዋ። "ሚጡዬ፣ ቢያንስ ሹራብ..."

በሩን ከፈተችና ወጣች።